የፀሐይ ማኅተምና የሰው ቃል

በአማርኛ «ማኅተም» እና «ኅትመት» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ሁለቱም አንድ ነገር በሌላው ላይ ዐርፎ፣ ተጭኖ፣ መልኩን ትቶ መነሣቱን ያመለክታሉ። ሥዕል ዐይቶ ይመስላል፤ ማኅተም ግን ነክቶ ይመሰክራል። ስለዚህም ነው የሰው ቃል ብቻውን በማይበቃበት ጉዳይ ሁሉ «ማኅተም አለው ወይ?» ተብሎ የሚጠየቀው። ይሁን እንጂ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሁሉ እውነት እንዳልሆነ በመሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ያውቀዋል። ማኅተሙ ሳይጭበረበር ደብዳቤው ሐሰት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ማኅተሙ ሳይሆን ማኅተሙን የያዘው ሰው ነው።

ይህ ከመዝገብ ቤት የማይወጣ የሚመስል ጉዳይ፣ ማንም ሰው በቤቱ ሊጀምረው በሚችል በአንድ አነስተኛ ጥበብ ውስጥ እንደ አዲስ ይነሣል። ጥበቡ ዕፀዋትን በፀሐይ ብርሃን ማተም ነው። ቅጠል ብርሃን በሚለውጠው ወረቀት ላይ ይዘረጋል፤ ለፀሐይ ይሰጣል፤ ወረቀቱ በውኃ ይታጠባል፤ በጥልቅ ሰማያዊ መደብ ላይ የቅጠሉ ነጭ አምሳል ይቀራል። መስመር ያሰመረ ሠዓሊ የለም፤ ካሜራም ሌንስም የለም። ታዲያ ሥዕሉን የሠራው ማን ነው? ፀሐይ ናት ከተባለስ፣ ፀሐይ ለማንም የማታዳላ እንደ መሆኗ ከእርሷ የተገኘው ሥዕል እውነት ብቻ፣ እውነቱም ሙሉ ነውን? ለሰው የሚቀረው ድርሻና ኃላፊነትስ ምንድን ነው?

ያልነበረ ነገር በኮምፒዩተር ተቀናብሮ እንደ ነበረ በሚታይበት በዛሬው ዘመን፣ ነክቶ የመሰከረ ሥዕል ልዩ ክብር የሚገባው ይመስላል። ይገባዋልም። ክብሩ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ለመመለስ ግን አስቀድሞ የሥራውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሥራን ሳያውቁ ስለ ሥራ መፍረድ ወሬ እንጂ ፍልስፍና አይባልምና።

ብረት፣ ብርሃንና ውኃ

የፀሐይ ኅትመት በሳይንሳዊ ስሙ ሳያኖታይፕ ይባላል። ያገኘው እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሰር ጆን ኸርሽል ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1842 ነው። በዚያን ዘመን ገና ብቅ ያለው ፎቶግራፍ በብር ጨዎች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ይህኛው ግን የቆመው በብረት ጨዎች ላይ ነው። ሁለት ኬሚካሎች ይፈለጋሉ፤ አንደኛው ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት፣ ሁለተኛው ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ይባላል። በተለመደው ቀመር ከመጀመሪያው 25 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ከሁለተኛው 10 ግራም በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ለየብቻ ይሟሟል። ሁለቱ የሚገናኙት በሥራው ሰዓት ነው። እኩል በእኩል ይቀላቀሉና፣ የቀን ብርሃን በማይገባበት ክፍል፣ በደብዛዛ አምፑል ሥር፣ በሰፊ ብሩሽ ወፈር ባለ ወረቀት ላይ ይቀባሉ። ወረቀቱ በጨለማ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ መልኩ ቢጫማ አረንጓዴ ነው።

ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ጥንቃቄን ነው። ለዚህ ሥራ የዋለ ሳሕንና ማንኪያ ወደ ምግብ ማብሰያ አይመለስም። እጅ በጓንት ይሸፈናል። ፌሪሲያናይዱ ከጠንካራ አሲድ ጋር አይቀላቀልም፣ በእሳትም አይሞቅም፤ መርዘኛ ጋዝ ሊያወጣ ይችላልና። ልጆች ባሉበት ቤት ጠርሙሶቹ በቁልፍ ይጠበቃሉ። በቤት የሚሠራ ሥራ ሁሉ እንደ ጨዋታ አይታይም።

ከዚህ በኋላ ቅጠል መምረጥ ይመጣል። እንስላል፣ ግራር፣ ጃካራንዳ፣ ፈርንና እነዚህን የመሳሰሉ ቅጠላቸው የተዘረዘረ ዕፀዋት ለጀማሪ ይራራሉ፤ ብርሃን በመካከላቸው እየገባ እያንዳንዷን ዘርፍ ለይቶ ያሳያልና። ወፍራም ቅጠል ብርሃን ስለማያሳልፍ ከቅርጹ በቀር ሌላ ነገር አይናገርም። ቀጭን ቅጠል ግን ጥቂት ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሥሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ገና የተቀጠፈ ቅጠል እርጥበቱ ወረቀቱን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ጥቂት ቀን በመጽሐፍ መካከል ተጭኖ ቢደርቅ ይመረጣል። ቅጠሉ በወረቀቱ ላይ ከተዘረጋ በኋላ መስታወት ይጫንበታል። ቅጠሉ ከወረቀቱ ጋር በሚገባ ካልተገናኘ ብርሃን በጠርዙ ሥር ሾልኮ ይገባና መስመሩን ያደበዝዘዋል።

ወረቀቱ ወደ ፀሐይ ይወጣል። ሥራውን በዋናነት የሚሠራው ለዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ይህ ጨረር በከፍታ ቦታ ይበረታል፤ ስለሆነም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው የአዲስ አበባ ከፍታ፣ በጠራ ቀትር፣ አንድ ኅትመት በጥቂት ደቂቃዎች ሊደርስ ይችላል። በደመና ቀን ጊዜው ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ወረቀቱ ከቢጫማ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያም አመድ ወደ መሰለ ግራጫ ይለወጣል። ጨረሩ የብረቱን ጠባይ ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ብረት ከፌሪሲያናይዱ ጋር ተዋሕዶ የፕሩሲያ ሰማያዊ የተባለውን በውኃ የማይሟሟ ቀለም ያስገኛል። በቅጠሉ የተሸፈነው ቦታ ግን ሳይለወጥ ይቆያል። ውኃ ሲነካው ያልተለወጠው ጨው ታጥቦ ይሄዳል፤ የተለወጠው ይቀራል። ውኃው ቢጫነቱን እስኪተው ድረስ ማጠብ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ሲደርቅ ሰማያዊው በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ይበልጥ ይጠልቃል።

እንግዲህ ሥራው ይኸው ነው። ቀለል ያለ ይመስላል፤ ክርክሩን ያስነሣውም ይኸው ቅለቱ ነው።

እጅ የሌለበት ሥራ አለን?

ስለዚህ ሥራ ሁለት ዐይነት ፍርድ ይሰጣል። የመጀመሪያው «ይህ ኪነ ጥበብ አይደለም» የሚል ነው። የዚህ ፍርድ ባለቤቶች እንደሚሉት ኪነ ጥበብ የሚወለደው ሰው ዓለምን በአእምሮው አሳልፎ፣ በስሜቱ አንጥሮ፣ በእጁ እንደገና ሲፈጥራት ነው። ቅጠል አጋድሞ ፀሐይ ላይ ማውጣት በርበሬ ከማስጣት በምን ይለያል? ሁለተኛው ፍርድ የዚህ ግልባጭ ነው። ሥዕሉ የሚታመነው የሰው እጅ ስላልገባበት ነው ይላል። ሠዓሊ ቅጠል ሲሥል የወደደውን ያጎላል፣ ያልወደደውን ይዘላል፤ ፀሐይ ግን በትል የተበላውንም፣ የተቀደደውንም ጠርዝ እንዳለ ታሳየዋለች።

ሁለቱ ወገኖች ባላንጣ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ። የሰው እጅ የለበትም ብለው ያምናሉ። የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። ከአንድ ዛፍ ሺህ ቅጠሎች መካከል አንዱን የመረጠው ማን ነው? በወረቀቱ መካከል ያጋደመው ወይስ ወደ ጥግ የገፋው ማን ነው? ዘንጉን ቀና ያደረገው፣ ጎንበስ ያደረገው፣ ሁለቱን ቅጠሎች ያነባበረው ወይም ያራራቀው ማን ነው? ብርሃኑ ይበቃል ብሎ ወረቀቱን ያነሣውስ? ፀሐይ «በቃኝ» አታውቅም። የተረሳ ወረቀት ላይም ሥራዋን ትቀጥላለች።

በቴያትር ቤት አዘጋጁ ሕዝብ ፊት አይወጣም። ድምፁ አይሰማም፣ ጥላው እንኳ መድረኩን አይነካም። ሆኖም ተዋናዩ የት እንደሚቆም፣ መብራቱ መቼ እንደሚበራ የወሰነው እርሱ ነው። ተውኔቱ ሲከሽፍ «እኔ መድረክ ላይ አልነበርሁም» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። የፀሐይ ኅትመት የሚሠራ ሰውም ያለው በዚሁ ስፍራ ነው። መስመሩን አላሰመረም፤ መስመሩ የሚሰመርበትን ሁኔታ ግን አዘጋጅቷል። ድርሻው እንዲህ ከሆነ ኃላፊነቱም የዚያኑ ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ማንሣት ጉዳዩን ይበልጥ ያብራራዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ዕፀዋት ሁሉ በተባይ ተመትተዋል እንበል። ጀማሪው ለዓይን የሚያምር ሥዕል ፈልጎ፣ የተበሉትን ሁሉ አልፎ፣ እንከን የሌለባትን አንዲት ቅጠል ለቅሞ አተመ። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ አደረገ። ሃያ ወረቀት በግድግዳው ላይ ደረደረ። ከሃያዎቹ አንዱም ሐሰት የለበትም፤ ሁሉም በፀሐይ የታተሙ፣ ሁሉም ነክተው የመሰከሩ ናቸው። ግድግዳው በሞላው ግን ስለ ግቢው ይዋሻል። እንዲህ ዐይነቱ ሐሰት በቅጠል አይወሰንም። መልካም መልካሙ ብቻ ተለቅሞ በሚቀርብ ሪፖርት ውስጥም ይኖራል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ሊያሳስት ይችላል። እንዲህ ያለው ሐሰት የሚከፋውም ሲመረመር ስለማይገኝ ነው፤ መርማሪው ማኅተሙን ያያል እንጂ ያልታተመውን አያይምና።

የኬንቷ ሴት

ይህን ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ያደረሰችው እንግሊዛዊቱ አና አትኪንስ ናት። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1799 በኬንት ነው። እናቷ ገና በሕፃንነቷ በመሞቷ ያሳደጋት አባቷ ጆን ጆርጅ ችልድረን ነበር፤ እርሱም በብሪቲሽ ሙዚየም የሠራ የሳይንስ ሰው ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ላማርክ ስለ ዛጎሎች የጻፈውን አባቷ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ፣ ከ200 በላይ የሆኑትን የዛጎል ሥዕሎች በእጇ የሣለችው እርሷ ናት። እንግዲህ ወደ ፀሐይ የዞረችው መሣል ስላቃታት አልነበረም። የሥዕልን ኃይል የምታውቅ፣ ወሰኑንም ያየች ሰው ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1841 ዊልያም ሃርቪ የተባለው የዕፀዋት ሊቅ በብሪታንያ ዳርቻ ስለሚገኙት አልጌዎች፣ ማለትም ስለ ባሕር ዋቅላሚዎች፣ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ሥዕል አልነበረውም። የባሕር ዋቅላሚ ከፀጉር የቀጠነ ቅርንጫፍ ያለው በመሆኑ በእጅ አስተካክሎ መሣል እጅግ አስቸጋሪ ነው። አትኪንስ መፍትሔውን በኸርሽል ግኝት ውስጥ አገኘችው። ኸርሽልም የቤተሰቡ ወዳጅ ነበር። ዋቅላሚዎቹን እያደረቀች፣ በወረቀት ላይ እያሳረፈች፣ በፀሐይ ታትም ጀመር። የሥራዋ የመጀመሪያ ክፍል በ1843 ወጣ፤ በ1853 ተጠናቀቀ። በፎቶግራፍ ስልት ሥዕሎቹ የተዘጋጁለት የመጀመሪያው መጽሐፍ እርሱ እንደሆነ ይታመናል። ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የተፈጥሮ እርሳስ ብሎ የሰየመውን ዝነኛ መጽሐፉን ማውጣት የጀመረው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1844 ነው።

የአትኪንስ መጽሐፍ ሲሟላ ወደ 400 የሚጠጉ ገጾች አሉት። እያንዳንዱ ገጽ ለየብቻው የተቀባ፣ ለየብቻው ፀሐይ የሞቀ፣ ለየብቻው የታጠበ ነው። ማተሚያ መኪና አልነካውም፤ ጽሑፉ ሳይቀር ከእጅ ጽሑፍ በብርሃን የታተመ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ መኖራቸው የሚታወቀው ቅጂዎች ሃያ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ሙሉ የሆኑት ከዚያም ያነሱ ናቸው። ይሁንና ገጽ በገጽ ሲቆጠር ሥራው በሺህ የሚቆጠር ኅትመት ነው። ይህን ሁሉ ያደረገችው ፀሐይዋ በማይታመን አገር መሆኑም አይዘነጋም። አባቷ እ.ኤ.አ. በ1852 ሲሞት የልጅነት ጓደኛዋ አን ዲክሰን መጥታ አጽናናቻት፤ ሁለቱም በኋላ በ1853 የፈርን ኅትመቶችን የያዘ ሌላ ሥራ አዘጋጁ።

በዋቅላሚው መጽሐፍ ላይ ግን ሙሉ ስሟ የለም። በመግቢያው ሥር ያኖረችው ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ «ኤ. ኤ.»። በኋላ ዘመን ፊደሎቹ «ስሙ ያልታወቀ አማተር» ማለት ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ተገምቶም ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም ቃላት በዚያው ፊደል ይጀምራሉና። ስምን መሸሸግ ትሕትና ሊሆን ይችላል። አያሌ የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችም የሠዓሊያቸውን ስም አይናገሩም። ይሁንና ሠሪው በትሕትና ስሙን ሲተው ኅብረተሰቡ ደግሞ በቸልታ ቢረሳው፣ ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያው የሠሪው ምርጫ ነው፤ ሁለተኛው የኅብረተሰቡ ዕዳ ነው። ፀሐይ የዋቅላሚውን ፀጉር መሰል ቅርንጫፍ ሁሉ መዝግባለች፤ ወረቀቱን የቀባውን እጅ ግን አልመዘገበችም። እርሱን መፈለግና መሰየም የሰዎች ሥራ ነበር፤ ዘግይቶም ቢሆን ሰዎች ሠሩት።

ከጠርዝ ወዲያ

ለቅኔ ባህል ቅርብ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ሰምና ወርቅን ያስታውሳል። አንጥረኛው መልኩን በሰም ቀርፆ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በባዶው ስፍራ ይገባል። በፀሐይ ኅትመትም ቅጠሉ እንደ ሰም ይወጣል፤ በስፍራው የሚገባ ወርቅ ግን የለም። የሚታየው ባዶው ስፍራ ራሱ ነው። ፀሐይ ያተመችው በቅጠሉ ዙሪያ ያለውን ሁሉ ነው፤ ቅጠሉ የሚታወቀው ብርሃን ሳይደርስበት በቀረው ነጭ ቦታ ነው። በሌላ አነጋገር ይህ ሥዕል የምስክርነቱን ወሰን በራሱ ላይ ይዞ ይዞራል። እስከ ጠርዙ ድረስ ይታመናል። ከጠርዙ ወደ ውስጥ ስላለው፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ጀርባው፣ ቀን ስለ መውጣቱና ቀን ስለ መድረቁ አይናገርም።

ከዚህም በላይ ዓይንን የሚያታልል ነገር አለበት። የአትኪንስን ገጾች የተመለከተ ሰው ዋቅላሚው በባሕር ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስለዋል፤ መደቡ ሰማያዊ ነውና። ይህ ሰማያዊ ግን የባሕር አይደለም፤ የብረት ነው። ዋቅላሚው ከባሕር ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሞቶ ነው የታተመው። የበረሃ እሾህ በዚያው ወረቀት ላይ ቢታተም በዚያው ባሕር ውስጥ ይንሳፈፍ ነበር። ማንም ሳይዋሽ ተመልካቹ ራሱን ሲያታልል እንዲህ ይሆናል። መምህር ወይም ሠዓሊ ይህን ውበት ማድነቅ ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣ መናገርም ይገባዋል።

ከጠርዝ ወዲያ ያለው ግን የባሕሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሥር ዓመት ሙሉ ፀሐይን እየጠበቁ ወረቀት ለማጠብ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ ያለ ገንዘብ አይገኝም። አና እ.ኤ.አ. በ1825 ያገባችው ጆን ፔሊ አትኪንስ ከዌስት ኢንዲስ ጋር የሚነግድ የሎንዶን ነጋዴ ነበር። በዚያ ዘመን የዌስት ኢንዲስ ንግድ በዋናነት የቆመው በባርነት በተያዙ አፍሪካውያንና በልጆቻቸው ጉልበት በሚመረተው ስኳርና በመሳሰለው ሸቀጥ ላይ ነው። በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን የሚያስቀረው ሕግ የወጣው በ1833፣ ሥራ ላይ የዋለውም በ1834 ነው፤ አብዛኞቹ ሙሉ ነጻነት ያገኙት በ1838 ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል የወጣው ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ ነው።

በሸንኮራ አገዳው እርሻ ላይ የነበረችው ፀሐይና በኬንት ወረቀቱን ያተመችው ፀሐይ አንዲት ናት። በአንደኛው ስፍራ የሰው ጀርባ አቃጠለች፤ በሁለተኛው የዋቅላሚ አምሳል አኖረች። በወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ምልክት የለም። ሊኖርም አይችልም፤ የነካውን እንጂ ያልነካውን አያትምምና።

ይህን ማንሣት የሴቲቱን ሥራ ለማርከስ አይደለም። ኅትመቶቹ ትክክል ናቸው፤ ለሳይንስም ለኪነ ጥበብም ያበረከቱት ነገር የታወቀ ነው። የአንድ ሰው ሥራ ምን ዐይነት ዓለም ተሸክሞት እንደቆመ መናገር ሥራውን መደምሰስ አይሆንም። እንዲሁም ውበቱን አይተው ሌላውን እንዳላዩ ማለፍ ለውበቱ መቆርቆር አይሆንም። ሁለቱንም ባንድነት መያዝ ከባድ ነው። አድናቂው ስለ ባርነት መስማት አይፈልግም፤ ከሳሹ ስለ ውበት መስማት አይፈልግም። ነገሩ ግን ሁለቱም ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሙሉውን ይዞ ሊናገር የሚችለው ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ከፀሐይ አይገኝም።

አትኪንስ ራሷም ሥዕሉ ብቻውን እንደማይበቃ ታውቅ ነበር። ከእያንዳንዱ ዋቅላሚ ሥር ሳይንሳዊ ስሙን በእጅ ጽሑፍ አስፍራለች። ያለ ስሙ ሥዕሉ ያምራል እንጂ አያስተምርም። ይህንኑ እውነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ ሄርባርየም ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደርቆ በወረቀት ላይ የተለጠፈ ተክል ከጎኑ ስሙ፣ የተገኘበት ስፍራ፣ የተሰበሰበበት ቀንና የሰብሳቢው ማንነት ካልተጻፈ ለሳይንስ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ታላቅ ጥናትም የተመሠረተው እንዲህ ተሰብስበው ስማቸውና ስፍራቸው በተጻፈላቸው ተክሎች ላይ ነው። ተክሉ ምስክር ነው፤ ምስክሩ ግን ቃሉን የሚቀበልና የሚጽፍ ሰው ይሻል።

ጀማሪውና የመጀመሪያው ስሕተት

እንግዲህ ወደ ጀማሪው እንመለስ። የመጀመሪያው ኅትመት ብዙውን ጊዜ አይሳካም። ነፋስ መስታወቱን ያነቃንቀዋል፤ ቅጠሉ ይንሸራተትና ሁለት ጠርዝ ያወጣል። ወይም ችኮላ ወረቀቱን ቶሎ ያነሣዋል፤ ሰማያዊው በውኃው ውስጥ ታጥቦ ሲሄድ ጀማሪው ዓይኑ እያየ ያጣዋል። ወይም ከልክ በላይ ይዘገይና ብርሃን በቀጭኑ ቅጠል ዘልቆ ነጩን ያጠፋዋል።

በዚህ ጊዜ ሦስት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው ብዕር አንሥቶ የደበዘዘውን ጠርዝ መከተልና ማስተካከል ነው። ሥዕሉ ያምርለት ይሆናል፤ ነገር ግን የፀሐይን ማኅተም በእጁ ቀጥሎ፣ ለራሱ መስመር የፀሐይን ታማኝነት ተበድሯል። ሰው መሣሉ ነውር የለበትም። ነውሩ የሣለውን «የታተመ ነው» ማለቱ ነው። ሁለተኛው መንገድ ወረቀቱን ቀድዶ መጣልና እንዳልተፈጠረ ማድረግ ነው። ይህም ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ብቻ ያየ ሁሉ ሠሪው ከመጀመሪያው የተካነ ይመስለዋል፤ ከእርሱ በኋላ የሚጀምረውም በራሱ ስሕተት ተስፋ ይቆርጣል። ሦስተኛው መንገድ ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው መጻፍ ነው፤ የቅጠሉ ስም፣ የተቀጠፈበት ቦታ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ፀሐይ ላይ የቆየበት ደቂቃ፣ እንዲሁም «ቅጠሉ ተንሸራትቷል» የሚል አንድ መስመር።

ይህች መስመር ትንሽ ትመስላለች። ሆኖም የፀሐይና የሰው ድርሻ የሚለያየውና የሚገናኘው በእርሷ ላይ ነው። የደበዘዘው ጠርዝ በፀሐይ በኩል እውነት ነው፤ ቅጠሉ መንቀሳቀሱን በትክክል መዝግባለች። ያን መዝገብ ስሕተት ብሎ የሚጠራው፣ ምክንያቱን የሚያውቀውና ለሌላው የሚያስተላልፈው ሰው ነው። ፀሐይ ስሕተት የላትም፤ ስለዚህም ልትማር አትችልም።

ኬሚካሉን ለማግኘት ላልቻለ ትምህርት ቤት ኸርሽል ራሱ የመረመረው ሌላ ስልትም አለ። የቀይ ሥር ወይም የእርድ ጭማቂ በወረቀት ላይ ይቀባና ቅጠል ተጭኖበት ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። እዚህ ፀሐይ ቀለም አትፈጥርም፤ ያለውን ታደበዝዛለች። በቅጠሉ ሥር የተጠለለው ብቻ ቀለሙን ይዞ ይቀራል። ሥራው ቀናትን አንዳንዴም ሳምንታትን ይጠይቃል፤ ሥዕሉም ብርሃን ባየ ቁጥር እየጠፋ ይሄዳል። ተማሪዎች ሁለቱን ስልቶች ጎን ለጎን ቢያዩ ያቺው ብርሃን አንዱን ስትሠራ ሌላውን እንደምታጠፋ፣ ማቆየት ደግሞ የሰው ሥራ እንደሆነ ያለ ብዙ ስብከት ይረዱታል።

ሰማያዊው ኅትመትም ቢሆን ጠባይ አለው። ሳሙና ወይም ሌላ አልካሊ ያለበት ነገር ቢነካው ይበላሻል። ለረጅም ጊዜ በብርቱ ብርሃን ላይ ቢሰቀል ይደበዝዛል። ወደ ጨለማ ቢመለስ ግን ከአየሩ ጋር ተገናኝቶ የጠፋበትን ሰማያዊ በአብዛኛው ይመልሳል። በብርሃን የተወለደ ሥዕል ዕረፍቱ በጨለማ መሆኑ የሚያስገርም ነው። በአልበም ውስጥ የሚቀመጥበት ምክንያትም ይኸው ነው።

መምህር እነዚህን ወረቀቶች ከተማሪዎቹ ሲሰበስብ ፊታቸውን አይቶ ነጥብ መስጠት ይቀናዋል። ፊታቸው ያማረ ይሆናል፤ ሰማያዊው ሁሉንም ያስውባልና። ቢገለብጣቸው ግን ይበልጥ ያውቃቸዋል። አንዱ ምንም አልጻፈም። አንዱ ያልቆየበትን ደቂቃ ጽፏል። አንዷ የቅጠሉን ስም ከአያቷ ጠይቃ፣ «ከጎረቤት አጥር ሳልጠይቅ የቀጠፍሁት ነው» ብላ ጨምራለች። ፊቱን ያተመችው ፀሐይ ናት፤ በጀርባው ላይ ግን ለመዋሸትም፣ ዝም ለማለትም፣ እውነቱን ለመናገርም ነጻ የሆነው ሰው ብቻ ነው። የእነዚያ ልጆች ትምህርት የሚመዘነውም በዚያ በጀርባው ነው።